ፐርፕል ሻምፑ ብሊች አይደለም፦ ፀጉር ቤት ውስጥ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ፀጉሯን ብሎንድ ያስደረገች ሴት ብዙም ሳትቆይ «ዛገብኝ!» ብላ ትመጣለች። ከቦርሳዋ ፐርፕል ሻምፑ፣ ማለትም የነጣ ፀጉርን ቢጫነት የሚያጠፋውን ሐምራዊ ሻምፑ፣ ታወጣለች። ጠርሙሱ ተጋምሷል፣ ፀጉሩ ግን ያው ነው። «ሻምፑው ፎርጅድ ነው መሰለኝ» ትለኛለች። አንዳንዴ እውነቷን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሻምፑው ምንም አላጠፋም።

ብርቱካናማ ፀጉር ላይ ፐርፕል ማፍሰስ

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄኛው ነው። የኛ ፀጉር ጥቁር ነው። ብሊች ሲነካው ባንዴ አይነጣም። መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የሙዝ ልጣጭ ውስጡን የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ። ፀጉር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሜላኒን አለ። ጥቁርና ቡናማውን የሚሰጠው ዩሜላኒን ቀድሞ ይለቃል። ቀይና ቢጫው ፊዮሜላኒን ግን ችክ ያለ ነው። «ዛገ» የምትሉት እሱ ነው፤ ድሮም እዚያው ነበር፣ አሁን የሚሸፍነው አጣ።

ፐርፕል ሻምፑ የሚያጠፋው ቢጫን ነው። ሐምራዊ የቢጫ ተቃራኒ ስለሆነ። የብርቱካናማ ተቃራኒ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ባለሙያ ፀጉርን ከ1 እስከ 10 በደረጃ ይከፍላል፤ 1 ድፍን ጥቁር፣ 10 በጣም የነጣ። የሐምራዊው ጉልበት 9 እና 10 ላይ ነው፣ 8ትን ትንሽ ይረዳል። 6 እና 7 ላይ የቆመ ፀጉር ሰማያዊ ሻምፑ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ቀይ ላይ የቀረ ከሆነ ሁለቱም አያድኑትም። ገና አልነጣማ!

ግን ማን ይሰማል? ቲክቶክ ላይ አንዷ ፈረንጅ በአንድ እጥበት በረዶ መስላ ትታያለች። ልጅቷ ስትጀምርም ፀጉሯ ደረጃ 7 ነበር፣ የኛ 1 እና 2 ነው። አንዷ ደንበኛዬ ፀጉሯ የፋንታ ቀለም ይዞ መጥታ «አንቺ ዝም ብለሽ ቅቢልኝ» አለችኝ። ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ቀባሁላት። ታጥባ ደርቃ ስታየው ያው ብርቱካናማ ነው፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። አኮረፈችኝ። ይሄ ሻምፑ ቀለም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ፀጉርን እንኳን ሊያነጣ፣ በመጠኑ ጠቆር ነው የሚያደርገው።

ከመግዛታችሁ በፊት ፀጉራችሁ በደረቁ እያለ መስኮት ጋ ሂዱ። አንድ ዘለላ ነጭ ፎጣ ላይ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩት። የመታጠቢያ ቤት አምፖል አትመኑ፣ እሱ ራሱ ቢጫ ነው።

«ብዙ ከቆየ የበለጠ ይይዛል»

ይይዛል፣ እሱማ ይይዛል! የሠርግ ዋዜማ ሚዜ የሆነች ልጅ ፐርፕሉን ተቀብታ፣ ፌስታል አጥልቃ፣ ድራማዋን እያየች ረሳችው። ጠዋት ስትመጣ ጫፍ ጫፉ ሊላ ሆኗል። የሚዜዎቹ ቀሚስ ደግሞ አረንጓዴ ነበር። ሙሽራዋ ሳታያት ቶሎ ቶሎ አጠብናት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። ካነሰ በሚቀጥለው እጥበት ወደ 5 ከፍ አድርጉ። ሐምራዊ ሆኖ ከቀረባችሁም አትደንግጡ። ቅባትና ክምችት ሙልጭ አድርጎ በሚያወጣ ሻምፑ ለብ ባለ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ይለቃል። በድንጋጤ ላዩ ላይ ብሊች እንዳትደርቡበት ብቻ።

ከጫፍ መጀመር

ጫፍ ያረጀ ፀጉር ነው። ፔስትራ በልቶታል፣ ቀዳዳው በዝቷል፣ ቀለም እንደ ጉድ ይጠጣል። ቢጫው የበዛበት ቦታ ላይ ጀምሩ፣ ጫፉን መጨረሻ ላይ ንኩት። ሪላክሰር፣ ማለትም ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል፣ ያለበት ፀጉር ላይ ብሊች ከተደረበ ደግሞ (እኔ አልሠራም፣ የሚሠራ ግን አይጠፋም) ሐምራዊውን በደቂቃ ውስጥ ይስባል። እንዲህ ላለው ፀጉር ሻምፑውን ከኮንዲሽነር ጋር ቀላቅላችሁ አለዝቡት።

ቅቤ ላይ መቀባት

ቅዳሜ ቅቤ ተቀብታ፣ እሁድ ቀጥታ ፐርፕል። ቅቤው ፀጉሩን ሸፍኖታል፣ ቀለሙ በየት ይግባ? አንዱ ጋ ይይዛል፣ ሌላው ጋ ይንሸራተታል፣ ዥንጉርጉር ይሆናል። መጀመሪያ በሌላ ሻምፑ ቅቤውን አውጡ። የኮኮናት ቅባትም ያው ነው።

ላይ ላዩን ማሸት

ፀጉራችን ብዙ ነው፣ ጥቅልል ነው። አናት ላይ አፍስሳችሁ ብታሹት ላዩ ሐምራዊ፣ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አራት ቦታ ክፈሉት፣ በፀጉር መቆንጠጫ ያዙት፣ ውሃውን በፎጣ ጨምቁና ክፍል በክፍል ቀቡ። ጓንት አድርጉ፣ ጥፍር ይነክራል።

በታጠቡ ቁጥር እሱን ብቻ መጠቀም

ፀጉሩ ይደርቃል፣ አመድ አመድ ይላል። በሳምንት አንዴ በቂ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የምትታጠቡ ደግሞ አንዱን እጥበት በፐርፕል፣ ቀጣዩን በሌላ ሻምፑ አድርጉት።

ፔስትራውን መጨረሻ ድረስ ማጋል

ቶነሩን፣ ማለትም ከብሊች በኋላ የሚቀባውን ቀለም ማስተካከያ፣ ያወጣዋል፣ ፀጉሩን ያቢጨዋል። የነጣ ፀጉር ከ180 ዲግሪ በላይ አያስፈልገውም።

ውሃውን መርሳት

ይሄን የሚጠረጥር የለም። ሰፈራችሁ የጉድጓድ ውሃ ከሆነና ባልዲው ግድግዳ ላይ ቡናማ ነገር የሚጋገር ከሆነ፣ ውሃው ብረት አለው። ያ ብረት ፀጉር ላይም ይቀመጣል፣ በየሳምንቱ ፐርፕል ብታደርጉም ቢጫው ይመለሳል። ማዕድን የሚያወጣ ሻምፑ አለ፣ ኬሌቲንግ ይባላል። በወር አንዴ እሱን ተጠቀሙ፣ ከዚያ በኋላ ፐርፕሉን። ካልተገኘ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በሃይላንድ ውሃ አድርጉት።

ፎርጅድ ነው ወይ ለሚለው፦ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉ። ድፍን ሐምራዊ ሆኖ ከተሰራጨ ቀለም አለው። እንደ ነገሩ ሮዝ ነገር ብሎ ከቀረ የገዛችሁት ሽታ ነው። ያኛውን ለገላ ተጠቀሙበት።