ጀብዱ ጌም ከመጀመራችሁ በፊት ጆይስቲኩን አስተካክሉ
በጀብዱ ጌም እኔን የሚያናድደኝ የቀኝ አውራ ጣት ሥራ መብዛት ነው። ካሜራውን በአናሎግ (በጣት በሚገፋው ትንሽ ዱላ) የሚያዞረው እሱ፣ መዝለያውንም የሚጫነው እሱ። ገደል ስትዘሉ የምታርፉበትን ማየት ይከብዳል። ስለዚህ ሴቲንግ ግቡና መዝለያውን ወደ አር ዋን (በቀኝ አመልካች ጣት ወደሚጫነው የላይኛው ቁልፍ) አዛውሩት። ከጀርባው ቁልፍ ያለው ጆይስቲክ ካላችሁማ እዚያ አድርጉት፤ በጣም ይመቻል።

ቀጥሎ ዴድ ዞን፤ አናሎጉ ትንሽ ቢነቃነቅም ጌሙ የማይቆጥርበት ክልል ማለት ነው። አናሎጉን ሳትነኩት ካሜራው በራሱ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ቀንሱት፤ ከዚያ ትንሽ ጨምሩ። ቀስ ብሎ መራመድ ያኔ ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ፣ ዱዋልሴንስ ላይ አር ቱ (ከአር ዋን በታች ያለው ቁልፍ) እንደ ጨዋታው ይጠነክራል። ቀስት ስትስቡ ደስ ይላል፤ ጣት ካደከማችሁ ግን አጥፉት። ንዝረቱን ተዉት። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የዜልዳ ጌም ኦካሪና ኦፍ ታይም እንኳ የተደበቀ ጉድጓድ የሚጠቁመው በንዝረት ነበር።