የካቶሊክ ሆስፒታልን ታሪክ ለመጻፍ፦ ከአጣጥ በመነሣት

በገጠር ወረዳ የቆመ የካቶሊክ ሆስፒታል ታሪክ ብዙውን ጊዜ ለኢዮቤልዩ በዓል ተብሎ ስለሚጻፍ፣ የመሠረት ድንጋይ ያኖሩት ጳጳስና የምረቃው ዕለት ይዘረዘሩና ሆስፒታሉን ዕለት ዕለት ያቆሙት ሰዎች ይረሳሉ። እኔ የምመክረው ሥራውን ከወሊድ መዝገቡ እንዲጀምሩ ነው።

በጉራጌ፣ ከወልቂጤ ብዙም የማይርቀውን የአጣጥ ሆስፒታል እንመልከት። በ1969 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባላት ናቸው። የማኅበሩን አመጣጥ ሳይመረምሩ ሆስፒታሉ ለወላዶች ለምን ያን ያህል እንደተጋ ማስረዳት ያዳግታል፤ ኦስትሪያዊቷ ሐኪም አና ዴንግል ማኅበሩን በ1925 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ስትመሠርት፣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መነኮሳት እንዳያዋልዱ ይከለክል ነበርና። ክልከላው የተነሣው በ1936 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ማዋለድ ለማኅበሩ ለዓመታት የተነፈገ ሥራ ነበር።

ሰነድ ሲሰበስቡ በየደብዳቤው ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ወዲያውኑ ያስፍሩ። ጥር 1961 ዓ.ም. እና መስከረም 1962 ዓ.ም. ሁለቱም በ1969 እ.ኤ.አ. ውስጥ ስለሚውሉ፣ ይህን ያልለየ ጸሐፊ አንዱን ዓመት ሁለት ያደርገዋል። አጣጥን ዛሬ የሚያጠቃልለው የእምድብር ሀገረ ስብከት የተቋቋመው በ2003 እ.ኤ.አ. በመሆኑም ከዚያ በፊት የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ በአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ይጠይቁ።

መዝገቡ ሲገኝ ሳይቸኩሉ ያንብቡ። አጣጥ መንገዳቸው ሩቅ የሆነና ምጥ ሊያስቸግራቸው የሚችል እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በግቢው ውስጥ የሚቆዩበት ማረፊያ አለው። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በሆስፒታሉ ከወለዱት 24,148 እናቶች መካከል 6,805ቱ በዚህ ማረፊያ በኩል ያለፉ ናቸው። የእናቶች ሞት በነዚህ ዘንድ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ በመጡት ዘንድ ግን 1,333 ነበር። ቁጥሩ ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ መሆናቸውን አብሮ የማይናገር ጽሑፍ ለአንባቢው ታማኝ አይደለም፤ ልዩነቱን ሁሉ ማረፊያው ብቻ አላመጣውምና።

መዝገብ የማይነግርዎትን እናቶቹና ያገለገሉ አዋላጅ ነርሶች ይነግሩዎታል። ባለታሪኳን «ሆስፒታሉ እንዴት ነበር?» ቢሏት «ደግ ነበር» ብላ ታልፋለች። «እማማ፣ ያኔ በቃሬዛ የተሸከመዎት ማን ነበር? ወንዙ ሞልቶ ነበር? ማረፊያው ውስጥ ሳሉ ምግብ ማን ያመጣልዎት፣ ልጆችዎንስ ማን ይጠብቅልዎት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ ግን መንገዱም፣ ጎረቤቱም፣ የቤቱ ችግርም አብሮ ይወጣል። የሆስፒታሉ ታሪክ የአካባቢው ታሪክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከካርድ ክፍል የተገኘን የሕመምተኛ ስም በምንም ምክንያት አይጻፉ። ቃላቸውን ለሰጡዎት ሰዎች ደግሞ የጻፉትን ከኅትመት በፊት አንብበውላቸው፣ ስማቸው እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ስሙን ሳያንገራግሩ ያውጡት።