እንግሊዝ ያለን ሀበሾች ፖፒን በፍርሃት ሳይሆን አውቀን እንድናደርጋት ምን ማድረግ ይቻላል

ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል እንግሊዝ ያላችሁ ሁላችሁም ታዩዋታላችሁ፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ቲቪ ላይ ዜና የሚያነበው ሰው ኮት ላይ፣ ፖፒ የምትባለው በጦርነት የሞቱ ወታደሮች የሚታሰቡባት ቀይ የወረቀት አበባ። እኔ ለንደን የገባሁ አመት ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር፣ ስራ ቦታ አንዷ አለቃችን ሰው ፊት "ያንተ ፖፒ የት አለ?" ስትለኝ ደንግጬ በምሳ ሰአት ወጥቼ ገዛሁና ደረቴ ላይ ሰካሁ፣ ከዛ በኋላ አምስት አመት ሙሉ እንደዛው ስሰካ ማንን እያስታወስኩ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን፣ ወይ እንዳንታይ ብለን እናደርጋለን ወይ "የነሱ ነገር ነው" ብለን እንተዋለን። ሁለቱም ያሳዝነኛል። ስለዚህ በስራ ቦታዬ፣ በእድራችንና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ በሚማሩበት ቦታ ይሄን ልማድ ለመቀየር የሞከርኩትንና የሰራልኝን ልጻፍላችሁ። አመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

መጀመሪያ ራሳችሁ እወቋት

ሰው ሳታሳምኑ በፊት ራሳችሁ ሁለት ደቂቃ የምታወሩት ነገር ይኑራችሁ። ለምን ይቺ አበባ ሆነች ቢሏችሁ መልሱ አፈሩ ውስጥ ነው፣ የዱር ፖፒ ዘር መሬት ውስጥ ብዙ አመት ተኝቶ ይቆይና አፈሩ ሲገላበጥ ነው የሚበቅለው፣ በመጀመሪያው የአለም ጦርነት ቤልጂየምና ሰሜን ፈረንሳይ ያለው መሬት በመድፍና በመቃብር ቁፋሮ ሲታረስ ሜዳው በቀይ ተሸፈነ። በ1915 እዛ የነበረ አንድ ካናዳዊ ወታደር ሀኪም ጓደኛውን ከቀበረ በኋላ ስለነዚህ አበቦች ግጥም ጻፈ፣ ግጥሙን ያነበበች ሞይና ማይክል የምትባል አሜሪካዊት በ1918 አበባዋን ለማስታወሻ ማድረግ ጀመረች፣ አና ጌራን የምትባል ፈረንሳዊት ደግሞ ሀሳቡን ወደ እንግሊዝ አመጣችው። በ1921 የእንግሊዝ ሌጅን የሚባለው የቀድሞ ወታደሮች መርጃ ማህበር መጀመሪያ ሲሸጣት 9 ሚሊዮን ፖፒ አልቆ ከ106,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ፣ ከ1922 ጀምሮ ደግሞ በጦርነት አካላቸው የጎደለ ሰዎች ናቸው ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው መስራት የጀመሩት። ብሩ እስካሁንም የሚሄደው ለወታደሮች፣ ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። የተቆረጠ ዋጋ የላትም፣ የቻላችሁትን ነው የምትሰጡት፣ አሁን ካርድ የምትነኩበትም አለ።

ከዛ ከራሳችን ታሪክ ጋር አያይዟት

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ልቡ የሚከፈተው እዚህ ጋ ነው። ጦርነቱ የቆመው ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ነው፣ በኛ ህዳር 2 ቀን 1911። በዛው ወር አዲስ አበባ ምን ላይ እንደነበረች ታውቃላችሁ? የህዳር በሽታ! ያ በጦርነቱ ጊዜ በወታደሮች ጉዞ አለምን የዞረ ጉንፋን እኛም ጋ ደርሶ በሺ የሚቆጠር ሰው ጨረሰ፣ ቀባሪ ጠፋ። "ህዳር ሲታጠን" የምንለው ከዛ የመጣ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ህዳር 12 ሲደርስ ከሰፈር ልጆች ጋር ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል፣ ጭሱ አይናችንን እያቃጠለን ስንዘል፣ ለማን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ካደግኩ በኋላ ሳውቅ ነው የከነከነኝ። እድራችን ላይ ስለ ፖፒ ሳወራ የጀመርኩት ከዚህ ነው፣ "እኛም ከዛው ህዳር የተረፈ ልማድ አለን፣ ለምን እንደሆነ ግን ረስተነዋል" ስል ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ወሬውን ተቀበሉኝና አያቶቻቸው የነገሯቸውን ማውራት ጀመሩ፣ ያን ቀን ስለ እንግሊዝ ጦር ብጀምር ኖሮ ማንም አይሰማኝም ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የ1941ዱ ነው። ጣልያን ከሀገራችን ሲወጣ አርበኞቹ አምስት አመት በዱር በገደል ታግለው ነበር፣ ከነሱ ጎን ደግሞ ጃንሆይ ከተሰደዱበት የእንግሊዟ ባዝ ከተማ በሱዳን በኩል ተመልሰው እንግሊዞች ይመሩት ከነበረው ጌዲዮን ከሚባለው ጦር ጋር ጎጃምን አቋርጠው ገቡ፣ በደቡብ በኩል የናይጄሪያ፣ የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና)፣ የምስራቅ አፍሪካና የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኬንያ ተነስተው መጡ፣ ከረን ላይ ደግሞ የህንድ ልጆች አለቁ። አፕሪል 6 አዲስ አበባ ተያዘች፣ ጃንሆይ ሜይ 5 ገቡ፣ ሚያዝያ 27 የምናከብረው እሱን ነው፣ አራት ኪሎ ያለው ሀውልትም ለሱ የቆመ ነው። እዛው አዲስ አበባ የኮመንዌልዝ ወታደሮች የተቀበሩበት መካነ መቃብር አለ። ከሌጎስ ወይ ከፑንጃብ ተነስቶ እኛ ሀገር የቀረ ልጅ እናቱ መቃብሩን አላየችም እኮ። እኔ ፖፒ ስሰካ አሁን የማስበው እሱን ነው።

ይሄን ስታወሩ ግን ታሪኩን አታሳምሩት። በመጀመሪያው ጦርነት ምስራቅ አፍሪካ ውስጥ ስንቅና ጥይት ተሸክመው የሞቱ አፍሪካውያን ስማቸው ድንጋይ ላይ አልተጻፈም፣ የኮመንዌልዝ መቃብር ኮሚሽን ራሱ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 116,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ የአፍሪካና የመካከለኛው ምስራቅ ሰዎች፣ በስማቸው ወይም ጭራሽ እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ልጆቻችን ይሄን መስማት አለባቸው፣ ትምህርት ቤት የሚያዩት ፎቶ ላይ ነጭ ወታደር ብቻ ከሆነ "ይሄ የኛ አይደለም" ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ስራ ቦታ ላይ

ኖቬምበር እስኪገባ አትጠብቁ፣ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ አለቃችሁን ለብቻዋ አናግሯት፣ ሰው ፊት ካደረጋችሁት ነቀፋ ይመስላል። እኔ ያልኩት በቀላሉ "የፖፒውን ሳጥን መግቢያው ጋ እናስቀምጠው፣ አጠገቡ አጭር ጽሁፍ እንለጥፍ፣ የፈለገ በራሱ ጊዜ ይውሰድ፣ ማንም ማንንም የታለ ብሎ አይጠይቅ" ነው። ተቀበለችኝ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሳጥን ይዞ መዞር ጥሩ ሀሳብ ቢመስልም ሰው ሁሉ እያየ እምቢ ማለት የሚችል ማነው፣ በተለይ አዲስ የገባ፣ በተለይ ወረቀቱ ያላለቀለት ስደተኛ። ፖፒ እንድታደርጉ የሚያስገድድ ህግ እንደሌለ ለሰው ንገሩ፣ ብዙ ሀበሻ ግዴታ ነው ብሎ የሚያስብ አጋጥሞኛል።

ለምን ሰው እምቢ እንደሚል ማወቅም ይጠቅማል። ጄምስ ማክሊን የሚባለው የአየርላንድ ኳስ ተጫዋች ማልያው ላይ አላደርግም ሲል በየስታዲየሙ ሲሰደብ ኖሯል፣ እሱ ሰሜን አየርላንድ ያለችው የዴሪ ከተማ ልጅ ነው፣ በ1972 ዴሪ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፈኛ ላይ ተኩሰው በእለቱ 13 ሰው ገድለዋል። የሱን ከተማ ሰው እንዴት ለምን አላደረክም ትለዋለህ? የቻናል 4 ቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ የነበረው ጆን ስኖውም በ2006 ስርጭት ላይ አላደርግም ብሎ ግፊቱን "የፖፒ ፋሺዝም" ብሎት ነበር። እኔ የካቲት 12ን ከሚያስብ ህዝብ ስለመጣሁ ያን ቃል ለአበባ አልጠቀመውም፣ ግፊቱ ግን እውነት ነው፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። ሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ ሂጃብ ስላደረጉ ብቻ ታማኝነታቸውን በፖፒ እንዲያሳዩ የሚጠበቅባቸው ጊዜ አለ፣ ይሄ ሲሆን ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ አጠገባቸው ሁናችሁ "ይሄ የግል ምርጫ ነው" በሉ፣ በቂ ነው።

ከሁሉም በላይ እባካችሁ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው አትወትውቱ። በኛ መሀል ወንድሙን ገና በቅርቡ የቀበረ፣ ጭራሽ ያልቀበረም አለ፣ የወታደር ነገር ሲነሳ ፊቱ የሚለወጥ ሰው አውቃለሁ። እሱን ሻይ ጋብዙት እንጂ ስለ አበባ አታንሱበት።

ሌሎቹም ቀለሞች እንዳሉ አሳዩ

ቀይዋን አልፈልግም ያለ ሰው ሁሉ ሙታንን ንቋል ማለት አይደለም። ነጭ ፖፒ አለች፣ በ1933 የኮኦፕራቲቭ ሴቶች ማህበር የጀመራት፣ ልጆቻቸውንና ባሎቻቸውን በጦርነት ያጡ ሴቶች ነበሩበት፣ በጦርነት ያለቀን ሁሉ፣ ሲቪሉንም ጭምር ታስባለች፣ ለሰላምም ቃል መግቢያ ነች። አንዳንዱ ከቀይዋ ጎን ነው የሚያደርጋት፣ እኔም ባለፈው ሁለቱንም አድርጌ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካንና የካሪቢያንን ሰዎች የምታስብ ጥቁር የፖፒ ሮዝ አለች። እድራችን ላይ ሶስቱን ጠረጴዛ ላይ አድርገን እያንዳንዷ ምን እንደምትል ስናስረዳ ከዛ በፊት ምንም ወስደው የማያውቁ እናቶች መጥተው መረጡ፣ አብዛኞቹ ነጯን አነሱ፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

አሰካኩ

ወንድ በግራ ሴት በቀኝ፣ ቅጠሏ ወደ 11 ሰአት ትዙር የሚባለው ደንብ አይደለም፣ ሌጅን ራሱ ትክክልና ስህተት የሚባል አደራረግ የለም ይላል፣ ብዙ ሰው በግራ የሚያደርጋት ልብ ጋ ስለሆነች ነው። ስኮትላንድ ያላችሁ ደግሞ የናንተዋ አራት ቅጠል አበባ ያላትና አረንጓዴ የሌላት ናት፣ ተበላሽታ አይደለም። ኮት ከሆነ ኮሌታው ላይ ባለው የቁልፍ ቀዳዳ አሳልፉት፣ ሹራብ ከሆነ እስፒሉን ሁለት ቦታ ወግታችሁ ጫፉን ወደ ውስጥ መልሱት አለበለዚያ ባስ ላይ ትወድቃለች። ነጠላ ላይ እንዳትሰኩ፣ ክሩን ትስበዋለች፣ ከስር የለበሳችሁት ላይ አድርጉት። ለህጻን እስፒል አትስጡ፣ መርፌ ቁልፍ ተጠቀሙ፣ የሚለጠፍ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ይሻላል። መንገድ ላይ ከማይታወቅ ሰው አትግዙ፣ አስመስለው ሰርተው ብሩን ኪሳቸው የሚከቱ አሉ።

ቀኑ ሲደርስ

ኖቬምበር 11 ረፋድ ላይ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ አለ፣ ከ1919 ጀምሮ ያለ ልማድ ነው፣ በወሩ ሁለተኛ እሁድም ይደገማል፣ ለንደን ዋይትሆል መንገድ ላይ ያለው ሴኖታፍ የሚባለው የጦርነት ሙታን ሀውልት ጋ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ለሽማግሌዎች ስትናገሩ "የህሊና ጸሎት" በሏቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ሰአቱንም በሁለቱም ንገሩ፣ በነሱ 11 በኛ 5 ሰአት፣ እኛ አንድ ጊዜ "በ11 ሰአት" ብለን ጽፈን ሁለት እናቶች አመሻሽ ላይ መጥተዋል። ልጆች ካሉ ከጸጥታው በፊት አንድ ሰው ብቻ አንድ ታሪክ ይንገራቸው፣ ረጅም ንግግር አያስፈልግም፣ የኛዎቹ ልጆች ከሁሉም በላይ የያዙት የህዳር በሽታውን ነበር፣ "ስልክ ደውዬ አያቴን ልጠይቃት" ያለ ልጅ ነበር።

ስታወልቋት ዝም ብላችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሏት። ከ2023 ወዲህ የሌጅን ፖፒ ፕላስቲክ የላትም ሙሉ በሙሉ ወረቀት ናት፣ ከፊሉ የተሰራው ከቡና ስኒ ወረቀት ትርፍራፊ ነው፣ ስለዚህ እስፒሉን ነቅላችሁ ከወረቀት ሪሳይክል ጋር መክተት ትችላላችሁ፣ ካልተቀደደች ደግሞ ለከርሞ አስቀምጧት፣ ስጦታውን ሳጥን ውስጥ እስከጨመራችሁ ድረስ በየአመቱ አዲስ መውሰድ ግድ አይደለም። እኔ እስፒሎቹን የልብስ ስፌት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማጠራቅመው፣ ስልኬ ላይ ደግሞ ኦክቶበር 1 ቀን "እድር ላይ ዘንድሮ ታሪኩን ማን ይናገር" የሚል ማስታወሻ አለኝ፣ አምና አንድ ናይጄሪያዊ ጎረቤታችን አያቱ በ1941 ሀበሻ ሀገር ዘምተው እንደነበር ነግሮኛል፣ ለዘንድሮ እሱን ነው የጠራነው።