ትከሻዬን ያዳነው ጀርባዬ ነው

ኳስ በመታሁ ቁጥር ቀኝ ትከሻዬን ፊት ለፊት ይወጋኝ ጀመር። ኮምቦልቻ ውስጥ አብረውኝ መረብ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች «ፑሽ አፕ ጨምር» አሉኝ፤ ጨመርኩ፣ ባሰብኝ።

ጥፋቴ የገባኝ ሸሚዝ ላሰፋ ስለካ ልብስ ሰፊው «ወንድሜ፣ እስቲ ቀና በል» ሲለኝ ነው። ቀና ብዬ ነበር እኮ! የደረት ጡንቻዬ ትከሻዬን ወደ ፊት ስቦታል። በምት ጊዜ ክንድን የሚወረውሩት ደረትና የፊት ትከሻ ናቸው፤ ከምቱ በኋላ የሚያቆሙት ደግሞ ከትከሻ በስተኋላ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች። እኔ ነዳጅ ስጨምር ፍሬኑን ረስቼ ኖሯል።

ስለዚህ ፑሽ አፑን ቀንሼ የኋላ ጡንቻዎችን የሚያሠራውን የመሳብ ልምምድ እጥፍ አደረግሁ። ከጎማ ጠጋኝ ያገኘሁትን አሮጌ ከመነዳሪ በቁመቱ ቆርጬ በር እጀታ ላይ አሰርኩት። በክርኔና በጎኔ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ይዤ እጄን ወደ ውጭ 15 ጊዜ እጎትታለሁ፤ ስመልሰው ከጎተትኩት ይበልጥ በዝግታ። (በሩን ቆልፉት። እናቴ ድንገት ከፍታው ወለል ላይ ተዘርግቻለሁ።)

በ6ኛው ሳምንት ውጋቱ ለቀቀኝ። 2.43 ሜትሩ መረብ ግን አሁንም ከፍ ይልብኛል፤ ለመዝለል የሚያግዘኝን የኋላ ጭኔን ማሠራት ገና አልጀመርኩም።