የአሜሪካን የኢንዱስትሪ ዘመን ለኮምቦልቻ ተማሪ እንዴት እናስተምር?

ይህ መመሪያ በኮምቦልቻና በደሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ለሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትምህርቱን ከሮክፌለርና ከካርኔጊ ሀብት አይጀምሩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ተማሪዎቼ የከበርቴዎቹን ስም ሸምድደው ሲወጡ፣ የሕዝቡ ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ ሊነግረኝ የቻለ አንድም አልነበረም። አሁን የምጀምረው ከሰዓት ነው። ከቤተሰቡ መካከል በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ያለው ተማሪ ካለ፣ ሰርቪሱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና ያረፈደ ሠራተኛ ምን እንደሚገጥመው ይጠይቁት፤ ቀጥሎም ገበሬ አያቱ ቀኑን በምን ይለኩ እንደነበር ያስታውስ። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ይሻገሩ። በዚያም አገር እያንዳንዱ ከተማ ቀትርን በራሱ ፀሐይ ይወስን ነበር፤ ይህ የቀረው የባቡር ኩባንያዎች ኅዳር 18 ቀን 1883 አገሪቱን በሰዓት ክልሎች ሲከፋፍሏት ነው። ምክር ቤቱ አሠራሩን በሕግ ያጸደቀው ግን ገና በ1918 ነበር። የሕዝብን ሰዓት በመጀመሪያ የቀየረው ኩባንያ እንጂ ሕግ አለመሆኑን ተማሪው ራሱ እንዲደርስበት ጊዜ ይስጡት።

ሌሴ-ፌር የሚለውን ቃል «መንግሥት በኢኮኖሚ ጣልቃ የማይገባበት ሥርዓት» ብሎ አስጽፎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በእኔ ግምት ግን ፍቺው ግማሹን ይደብቃል። ስለዚህ ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈሉና በአንዱ ወገን መንግሥት እጁን የዘረጋበትን፣ በሌላው የሰበሰበበትን ያስጽፉ። በመጀመሪያው ወገን በ1862 ከወጣው ሕግ ጀምሮ ለባቡር ኩባንያዎች የተሰጠው ሰፊ መሬት፣ እንዲሁም የአገር ውስጥ አምራቾችን ከውጭ ዕቃ የጠበቀው ከፍተኛ ቀረጥ ይገባል። በሁለተኛው ወገን በ1905 የታየው የሎክነር ጉዳይ ይስፈር፤ የኒውዮርክ ግዛት የዳቦ ጋጋሪዎችን ሥራ በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት እንዳይበልጥ ቢወስን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የውል ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ሕጉን ሽሮታል።

ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስዱ የሚገባው በፑልማን አድማ ላይ ነው። በቺካጎ አጠገብ የነበረው የባቡር ፉርጎ አምራች ኩባንያ የፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹ የሚኖሩባቸው ቤቶችም ባለቤት ነበር። ከ1893ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ደመወዝ ሲቀንስ የቤት ኪራዩን ባለበት ተወው፤ በ1894 አድማው ወደ ባቡር መስመሮች ሲዛመት ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ጦር ላኩ። ኪራይ ከደመወዝ ላይ ምን ያህል እንደሚወስድ ለኮምቦልቻ ልጅ ማስረዳት አያሻም። እዚህ ላይ የሸርማን ሕግን ያንሡ፦ በ1890 የወጣው ሞኖፖሊን ለመከላከል ነበር፤ ሆኖም አብዛኛውን የስኳር ማጣሪያ የጠቀለለው ኩባንያ በ1895 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱን ሲያሸንፍ፣ ያው ሕግ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፑልማን አድመኞች ላይ እግድ ለማውጣት ውሎ ነበር። ተማሪዎች ይህን በየትኛው ወገን እንደሚጽፉት ይከራከሩ።

ስለ ከተሞች ዕድገት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ በ1870 ከአራት አሜሪካውያን አንዱ ገደማ ከተሜ ሲሆን፣ በ1920 ከግማሽ በላይ ሆነዋል።

ንጽጽሩን ግን ልክ ያብጁለት። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በደርግ ዘመን በመንግሥት የተቋቋመ እንጂ የሮክፌለር ዓይነት ባለሀብት ያቆመው አይደለም፤ ስለዚህ የፈረቃንና የኪራይን ኑሮ ለማሳየት ካልሆነ በቀር ሁለቱን አያስተካክሉ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ የደረሰውን ቃጠሎ ይተርኩ። ከሞቱት 146 ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ሲሆኑ፣ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ከዚህ በኋላ ግዛቲቱ የፋብሪካ ደኅንነት ሕጎችን አወጣች፤ ተማሪዎቹም ወደ ሰሌዳው ተመልሰው አዲሱን መስመር በቦታው ይጻፉ።