የልብ መድኃኒትን ስም ከጭራው ማንበብ

ባንኮኒዬ ላይ ከረጢቱን ዘርግፎ «ይሄ ሁሉ ለምኔ ነው?» የማይለኝ የልብ ታካሚ ጥቂት ነው። እኔም ፓኬቱን አዙሬ የስሙን ጭራ አሳየዋለሁ። በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ተዉት፤ ከሥሩ በደቃቁ የሰፈረውን ፈልጉ።

መጨረሻው «ሎል» ነው? አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎል ዋና ሥራቸው የልብ ሴሎች ሽፋን ላይ ባለው ቤታ አንድ ሪሴፕተር (መልእክት ተቀባይ) ላይ ነው። ስንደነግጥ የሚለቀቀው ሆርሞን፣ አድሬናሊን፣ እሱን ሲያገኝ ልብ ይፈጥናል፣ በኃይልም ይመታል፤ «ሎሎቹ» ቦታውን ቀድመው ይይዙበታል። አስም ካለባችሁ ግን ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሳንባ ቧንቧ ላይ ቤታ ሁለት የሚባል ዘመዱ አለ፤ ፕሮፕራኖሎል ሁለቱንም ስለሚዘጋ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

ደጋግሜ የምጨቀጭቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ «ሎል» በገዛ ፈቃድ በድንገት አይቋረጥም። ሴሉ ተቀባዩ ሲዘጋበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሽፋኑ ላይ ሌሎች ተቀባዮችን ይጨምራል። መድኃኒቱ ድንገት ሲቀር አድሬናሊን ያን ሁሉ ተቀባይ ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። ምቱ ይሻቅባል፣ ደረት ይጨመድዳል፣ ብሶበትም ሃርት አታክ ሊመጣ ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ያወርደዋል።

«ሳርታን»፣ ለምሳሌ ሎሳርታን፣ አንጂዮቴንሲን የሚባለው ሆርሞን የደም ሥርን የሚያጠብበትን ተቀባይ ይዘጋል። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። «ፕሪል» ተቀባይ አይነካም፤ አንጂዮቴንሲን የሚሠራውን ኢንዛይም ነው የሚያግደው። እሱን ከጀመራችሁ ወዲህ ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪሙን አነጋግሩ፤ ብዙ ጊዜ በሳርታን ይተካል።

ክሎፒዶግሬል ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋ ደቃቅ የደም ሴል) ላይ ያለውን ተቀባይ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይዘጋዋል። ፕሌትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚኖር፣ ክኒኑን ብትተዉም ደም ቶሎ አይረጋም። ጥርስ ከማስነቀላችሁ ወይም ከቀዶ ሕክምና በፊት አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ስቴንት (የልብን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ያለው ሰው ግን ራሱ እንዳያቆም።

«ስታቲን» ለእኔ ብልሁ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት ይከለክለዋል፤ ጉበቱም ሲያጥረው ሽፋኑ ላይ የኤልዲኤል («መጥፎው» ኮሌስትሮል) ሪሴፕተሮችን አብዝቶ ኮሌስትሮሉን ከደም ይለቅማል። ይህን ተቀባይ ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። የተቀባዩ ጉድለት በዘር ይወርዳል፤ ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ልጅ በልጅነቱ ሃርት አታክ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በልብ የታመመ ካለ፣ የልጆቻችሁንም ኮሌስትሮል አስለኩ።