ሙቀት የሚያበዛ አሮጌ መኪና፦ መጀመሪያ መቼ እንደሚሞቅ እዩ

94 ሞዴል ኮሮላ ነው ያለኝ፣ ባለ 1.3 ካርቡራተር፣ ከኔ በፊት ስንት እጅ እንደገባች አላውቅም። አመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ሙቀት ስታበዛብኝ ከረመች። ራዲያተር አሳጠብኩ፣ የውሃ ፖምፓ አስቀየርኩ፣ ሶስት ጋራዥ ዞርኩ፣ ሁሉም ጋ "ትሞቃለች?" ነው የሚሉኝ እንጂ "መቼ ነው የምትሞቀው?" ያለኝ አንድም የለም። አራተኛው ጋ ነው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ "ከተማ ውስጥ ነው ዳገት ላይ?" ያሉኝ፣ ዳገት ላይ ስላቸው "ታዲያ ፋኑን ምን አርጎህ ቀየርከው?" ብለው ሳቁብኝ። ለካ ፋንም ቀይሬያለሁ፣ ረስቼው እንጂ።

ስለዚ እኔም እንደሳቸው ከ"መቼ" ልጀምር። ግን ከዛ በፊት፣ ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ፣ የኔ ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ይበቃል። ቢያንስ ግማሽ ሰአት አቆዩት፣ የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨበጥ አርጋችሁ ልስልስ ካለ በኋላ ወፍራም ጨርቅ አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩት። የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት የሚባለውንም ተዉት፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል፣ ከዛ በኋላ የምታወሩት ስለ ክዳን ሳይሆን ስለ ሞተር ነው።

አሁን ትንሽ ቁጥር፣ አትሰልቹ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይደለም የሚፈላው፣ በ92 አካባቢ ነው፣ ሽምብራ አልበስል ብሎ ጋዝ የሚጨርሰው ለዛ ነው። ራዲያተር ደግሞ ፕሬዠር ኩከር በሉት። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ፣ ውሃው ላይ 0.9 ባር ተጨማሪ ግፊት ይይዛል ማለት ነው፣ እዚህ ከተማ ያ ግፊት ካለ ውሃው 115 አካባቢ ካልደረሰ አይፈላም። በኔ አይነት ቶዮታ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) 82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ፋኑ 93 አካባቢ ይነሳል። አሁን አገናኙት፣ ክዳኑ ከሞተ ውሃው 92 ላይ ፈልቶ ይወጣል፣ ፋኑ ገና ተራውን እየጠበቀ ነው! ሰው ግን ፋን አልሰራም ብሎ ኤሌክትሪሻን ይጠራል።

ምልክቱ ይሄ ከሆነ ክዳኑን ጠርጥሩ፦ መኪናውን ካጠፋችሁ በኋላ ነው ጉርግርግርግ የሚለው፣ ትርፍ ውሃ መያዣው ሞልቶ ይፈሳል፣ ጠዋት ስታዩ ደግሞ ራዲያተሩ ጎድሏል መያዣው ግን ሙሉ ነው። ጤነኛ ክዳን ሲሞቅ ውሃ ያስወጣል ሲበርድ መልሶ ይስባል። ክዳኑን ገልብጣችሁ ጎማውን እዩት፣ የደረቀ ወይ የተሰነጠቀ ከሆነ አበቃ። መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ሳብ ስትደረግ ተመልሳ መግባት አለባት፣ እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ቱቦ ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ። መፍትሄው አዲስ ክዳን ነው፣ ያው ቁጥር ያለው። 1.1 ይሻላል የሚሏችሁን አትስሙ፣ ያረጀ ቱቦና ራዲያተር ያን ትርፍ ግፊት አይችልም።

መንገድ ሲዘጋጋ የሚሞቅ፣ ለቀቅ ሲል የሚበርድ ከሆነ ግን ያኔ ፋን ነው። መገናኛ ቆማችሁ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ ቀለበት መንገድ ላይ ስትለቁት ይመለሳል፣ ምክንያቱም ስትሄዱ ንፋሱ የፋኑን ስራ ይሰራለታል። የዛ ዘመን ብዙ ቶዮታ ላይ አሪፍ መሞከሪያ አለ፣ ቁልፍ ከፍታችሁ የፋን ስዊቹን (ውሃው ሲግል ፋኑን የሚያስነሳውን) ሶኬት ንቀሉት፣ ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። ከተነሳ ፋኑም ሪሌውም ፊውዙም ደህና ናቸው፣ ስዊቹ ነው የሞተው። ባለ ኤሌክትሪክ ፋን ላዳ ላይ ተቃራኒ ነው፣ ሁለቱን ሽቦ ስታገናኙ ነው የሚነሳው። እጃችሁን ብቻ ከፋኑ አርቁ፣ ሳታስቡት ይነሳል።

እዚህ ጋ አንድ ጉድ ላውራ። ፋን ሳስቀይር የጋራዡ ልጅ ሽቦውን ገልብጦ አገናኘው፣ ፋኑ ይዞራል፣ ድምጹም ያምራል፣ ግን ንፋሱን ወደፊት ነው የሚገፋው። ይሄን የምታውቁት ቁራጭ ወረቀት ራዲያተሩ ፊት ለፊት አርጋችሁ ነው፣ ፋኑ ሲዞር ወረቀቱ ራዲያተሩ ላይ ልጥፍ ማለት አለበት። የኔ በረረ። ሌላው የተለመደ ነገር ፋኑን "ዳይሬክት" ማድረግ ነው፣ ቁልፍ ስትከፍቱ አብሮ ይነሳል እስክታጠፉ ይዞራል። ለአንድ ሳምንት ይሁን፣ ለአመት ግን የፋኑን ሞተር ይጨርሳታል፣ ደግሞ እውነተኛውን ችግር ይደብቅባችኋል።

ዳገት ላይና ረጅም መንገድ ላይ የሚሞቅ፣ ከተማ ውስጥ ሰላም የሆነ፣ እንግዲህ የኔ በሽታ ይሄ ነበር። ከአዳማ ስመለስ ሞጆን እንዳለፍኩ ጌጁ መነሳት ይጀምራል፣ ዱከም ላይ መቆም ግዴታ ነው፣ ባለ ሱቁ ራሱ ሲያየኝ ጀሪካን ያነሳ ነበር። እንዲህ ሲሆን ፋኑ አይደለም፣ ወይ ውሃው እንደሚገባው አይዞርም ወይ ራዲያተሩ ሙቀቱን አያወጣም። ራዲያተሩን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በእጅ ጀርባ ጠጋ አርጋችሁ ዳስሱት፣ አንዱ ቦታ እሳት ሌላው ቦታ ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጡ ተዘግቷል። የመዳብ ከሆነ ራዲያተር ቤት ከፍተው በዘንግ ይጠርጉታል፣ ውሃ በጎማ ለቀው "ታጥቧል" ካሏችሁ አልታጠበም። ፕላስቲክና አልሙኒየም የሆነው መጠረጉ ብዙም አያዋጣም፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ መቀየር ነው። ከፊት ያለው ክንፉ በጭቃና በገለባ ተደፍኖም ይሆናል፣ በሞተሩ በኩል ሆናችሁ ወደ ውጪ እጠቡት። የታችኛውን ቱቦ ደግሞ ሌላ ሰው ነዳጅ ሲሰጥ እዩት፣ ጭምቅ ብሎ ከተጣበቀ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ በዝገት አልቋል፣ ውሃ አያሳልፍም ማለት ነው።

የኔ ይሄም አልነበረም። ሽማግሌው የቴርሞስታቱን ቤት ፈቱና ወደ ውስጥ ጣታቸውን ሰደዱ፣ ባዶ። "ማን አወጣው?" አሉኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከኔ በፊት ያለ ሰው። እዚህ ሀገር ሁሉም መካኒክ ሙቀት ሲባል እጁ መጀመሪያ የሚሄደው እዛ ነው፣ "አለቃ፣ ቴርሞስታት ብርድ ሀገር ላለ ፈረንጅ ነው" ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ለአንዳንድ ሞተር እውነትም ምንም ላይመስል ይችላል። ብዙ ቶዮታ ላይ ግን ቴርሞስታቱ ከታች ሳህን የመሰለች ነገር አለችው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያዞረውን መንገድ ሲከፍት በዛችው ሳህን ባይፓስ የሚባለውን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጣችሁት አቋራጩ ሁሌም ክፍት ነው፣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ጋ ሳይደርስ እንደጋለ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ስለማይጨነቅ አታስተውሉትም፣ ዳገት ላይ ግን አለቀ። ቶዮታ ራሱ በጥገና መጽሐፎቹ ውስጥ እንዲህ አይነት ሞተር ሙቀት አበዛ ብላችሁ ቴርሞስታት አታውጡ፣ ማቀዝቀዙ ይብሳል ብሎ ጽፏል። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልሞቅ እያለ ቤንዚን ይበላል።

አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ ቀቅሉት። መከፈት ሲጀምር ታያላችሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፣ ድስታችሁ ደግሞ እዚህ ከተማ ከ92 አያልፍም፣ እኔ አንድ ጤነኛ ቴርሞስታት በዚህ ምክንያት መልሻለሁ። ስታስገቡት ትንሿ የምትንቀጠቀጠው ፒን ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የምታሳልፈው እሷ ናት።

ውሃ የሚጠፋ፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የሌለ ከሆነ ልብ ይመታል፣ የቴስታታ ጋስኬት (ቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ከመደንገጣችሁ በፊት ግን የፖምፓውን ስር እዩ፣ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፣ ከዛ የሚንጠባጠበው ሞተሩ ላይ ይደርቅና ነጭ ወይ ቀይ ፈለግ ይተዋል። ከፊት ወንበር በኩል ምንጣፉ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የሂተሩ ራዲያተር ነው። ሁለቱም ካልሆነ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን አውጡና አስነሱት። አፉ ላይ ፌስታል አርጋችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ ከፋኑ አርቃችሁ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ፌስታሉ እየተነፋ ከሄደ ወይ ውሃው ውስጥ አረፋው አላቋርጥ ካለ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑ እንዳለ ደግሞ አስነስታችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ያው ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ጨርሶ አትንዱት። የዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ካያችሁ ግን አጭር አጭር መንገድ በመሄድ የሚመጣ እርጥበት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አትፍረዱ።

ጋስኬቱ ከሆነ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈው መጣመሙን ይለካሉ፣ ለዚህ አይነት ሞተር ከ0.05 ሚሊ በላይ ከተጣመመ መላግ አለበት። ሳይለካ ጋስኬት ብቻ ቀይሮ የሚገጥም መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ሲገጠምም ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር፣ በቶርክ ሬንች (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ነው የሚጠብቁት።

ጌጁ የሚዋሽበት ጊዜም አለ። አንድ ደቂቃ ጥግ ደርሶ አንድ ደቂቃ ታች የሚወርድ ከሆነ ወይ ሴንሰሩ ነው ወይ ሽቦው፣ ወይ ውስጡ አየር አለ። ሞተሩ እየጨሰ ጌጁ ቀዝቃዛ ካለ ደግሞ እንዳታምኑት፣ ውሃው አልቆ ሴንሰሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

አየሩን ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫውን ወደ ዳገት አርጋችሁ አቁሙ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አርጉ፣ ክዳኑን ክፍት ትታችሁ አስነሱ፣ ሲጎድል ሙሉ፣ የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አረፋው እስኪያቆም። የምትሞሉት የቧንቧ ውሃ ባይሆን ነው የምመክረው፣ ኖራው እየጋገረ ራዲያተሩን ይደፍነዋል። ኩላንትና ዲስትልድ ውሃ ግማሽ በግማሽ። "በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል" ለሚሉ፣ ለዝገት ነው። ከኔ ራዲያተር መጀመሪያ የወጣው ውሃ ቀይ ሻይ ነው የሚመስለው።

መንገድ ላይ ቢሞቅባችሁ ኤሲ ካለ አጥፉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ማርሽ ቀንሳችሁ ቀስ በሉና ቦታ ስታገኙ ቁሙ። ቀዩ ላይ ከደረሰ ግን "ትንሽ ነው የቀረኝ" የለም፣ ያኔውኑ አጥፉ።

ክዳኑንና ቴርሞስታቱን ቀይሬ በሳምንቱ ባህር ዳር የሚያስኬደኝ ጉዳይ መጣ። ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ማለት ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነው፣ ለዛውም በዛ ሙቀት። ድልድዩን እንደተሻገርኩ ፈርቼ ሂተሩን ከፈትኩት፣ ደጀን እስክደርስም አላጠፋሁትም። ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አላለም፣ የፈላሁት እኔ ነኝ።